እስከ ሦስተኛው ጥሪ

እንቅልፍ እንደማይመጣ እያወቅኩ ለምን እንደተጋደምኩ እንጃ። ፍራሹ ወለል ላይ ነው፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ነው፣ የኔ ስልክ አይደለም፣ የያዮ ነው፣ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ጣቴን ቆርጦኛል፣ ያዮ ደግሞ እዚያ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ሬሳ ማቆያው ውስጥ ናት፣ እስኪነጋ ስሟን ካላመጣሁ መዝገብ ያዡ ሰውዬ መጅሁላ ብሎ ይጽፋትና ያበቃል። መጅሁላ። መጀመሪያ ሲለው ስም መስሎኝ ነበር፣ ያውም ቆንጆ ስም፣ እዚህ አገር ለሴት ልጅ የሚያወጡት ዓይነት። ኮሪደሩን ስትወለውል የነበረች የባንግላዴሽ ልጅ ናት ጠጋ ብላ በተሰባበረ አረብኛ የነገረችኝ፣ የማትታወቅ ማለት ነው፣ ማን እንደሆነች ሰው የማያውቃት። አውቃታለሁ እኮ አልኳት። ታዲያ ማን ናት አለችኝ። መወልወያዋን ተደግፋ ጠበቀችኝ፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፣ እሷም ባልዲዋን ይዛ ሄደች።

ያዮ ነው የምንላት፣ ከያዮ ስለመጣች። እዚህ ቤይሩት ጥግ ዶራ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ሰው የሚጠራው በአገሩ ነው፤ እትዬ ተሻለች ኖፓ ናቸው፣ ሳምራ አባቷ ጋሽ ሱፊያን ኡካ ላይ ሱቅ ስላላቸው ኡካ ናት፣ እኔ ዋሪቱ ደግሞ መቱ ነኝ። በቀልድ ነው የተጀመረው፣ ከዚያ እንደ ልብስ ለበስነው። ፓስፖርታችን ላይ ያለው ስም የማናችንም አይደለም፣ ደላላው የሰጠን ነው፣ እኔ እዚያ ላይ ዛህራ ነኝ፣ ዕድሜዬም የሌላ ሰው ዕድሜ ነው፣ ማዳም ዛህራ ብላ ስትጮህብኝ ስንት ጊዜ ዞር ብዬ ሌላ ሰው ፈልጌያለሁ፣ መስማት ይሳናት ይሆን ብላ ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ነበር። ያዮ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ በመጣች ቀን ሳምራ ስምሽ ማነው ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ተሻለች በዓይናቸው ገረፏት፣ የጠፋች ልጅ ስሟን አይጠይቋትም አሉ፣ ፖሊስ ቢይዝሽ መዋሸት አትችይበትም፣ የማታውቂውን ግን አታወጪም። ልጅቷ ሳቀች፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው። «አገሬ ስገባ እነግራችኋለሁ» አለች። በዚያው ያዮ ሆና ቀረች። ከገና በፊት ነው ይሄ። ይህን ሁሉ ጊዜ በአንድ ሳህን በልተን፣ ጸጉሯን ሠርቻት፣ በሕልሟ ስታለቅስ ጀርባዋን አሽቼላት፣ ጡቷ ሥር ያለውን ጠባሳ ሳይቀር አውቄ ስሟን አላውቅም።

የልጇን ስም ግን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። አሜን። አሜን ሳቀ፣ አሜን ጥርስ ነቀለ፣ አሜን ዶሮ አሳዶ ወደቀ። የባሏ እናት ናቸው የሚያሳድጉት። ትምህርት ቤት ሊገባ ደርሶ አንዲት ቃል አልወጣውም፣ ይሰማል፣ ይስቃል፣ አይናገርም። እዚህ አገር ሰዎች ግንቦት ሲገባ ሌሊቱን በእግር ተጉዘው ሐሪሳ የሚባል ተራራ ላይ ወደተተከለችው ማርያም እንደሚወጡ ከሰማች ጀምሮ አላስቀምጥ አለችን። እንሂድ፣ አብረን እንሂድ፣ እኔ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለምናት፣ አዮ ይበልና ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ቢል ግዴለም። አዮ የሚለው እናቴ ለማለት ነው፣ በኛ አገር። እትዬ ተሻለች ጴንጤ ናቸው፣ ጌታ ዶራ ላይ አይሰማም ወይ፣ ተራራ ካልወጣችሁ ኔትወርክ የለውም ወይ ብለው አፌዙ፣ ጫማቸውን ቀድመው ያሰሩት ግን እሳቸው ነበሩ። ሳምራ የኛም መርየም ናት፣ ምን ገዶኝ፣ ቪዲዮ እቀርጻለሁ አለች። እኔ ብዙ አልናገርም፣ ውሃና ዳቦ ያዝኩ፣ ለያዮ እግር ቅባት ያዝኩ።

እንወጣለን። ከተማው መብራት የለውም፣ ነዳጅ ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል፣ ሀብታም ሕንፃ ላይ ብቻ ጄኔሬተር ያጉረመርማል፣ ልክ መቱ ክረምት ላይ ዝናቡ ምሰሶ ጥሎ ከተማው እንደሚጨልመው፣ የባሕሩ ሽታ ባይኖር በአውቶቡስ ተራው በኩል ወደ ቤቴ የምወርድ ይመስለኝ ነበር። መንገዱ እንዲያጥርልን በአገራችን ከፋፈልነው። ዶራ በደሌ ትሁን፣ ከበደሌ እንነሳለን፣ አንተልያስ የሚባለው ሰፈር ያዮ ይሁን፣ ከመኪናው ዋሻ በፊት ያለው ወንዝ ሁሩሙ፣ ሐሪሳ ስንደርስ መቱ ገባን። የመኪናውን መንገድ ዳር ይዘን እንሄዳለን፣ በአጠገባችን የአገሩ ወጣቶች እየዘፈኑ ያልፉናል፣ አንዳንዱ ዞር ብሎ ያየንና አፍንጫውን ይይዛል፣ ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ እኛም በአፋችን ሰድበናቸው እንስቃለን፣ ማን ይሰማናል። ያዮ ወደ ኋላ ትቀራለች። የአስፋልቱ ጠጠር በልቷታል፣ እየቆመች ጫማ የሌለው እግሯን ታነሳና እንደ ዶሮ ታየዋለች። እትዬ ተሻለች ምን እንዲህ መሬት መሬት ያሳይሻል፣ ቡና ልትለቅሚ ነው ወይ ሲሏት፣ እሷ ደግሞ የኖፓ ሰው ቡና ገበያ ላይ ካልሆነ የት ያውቀዋል ትላለች። አንተልያስ ስንደርስ መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«በቃ፣ እኔ ቤቴ ገባሁ። እናንተ ወደ መቱ ሂዱ» አለች፣ እግሯን እያሸች።

«ቤትሽ ከሆነ ደጁ ላይ ምን አስቀመጠሽ?» አሉ እትዬ ተሻለች። «አንኳኪያ። ማን ይከፍትልሻል፣ ልጅሽ እንደሆነ ማነው አይል።»

ሳምራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ወይ ደግሞ አልሳቅኩም፣ አሁን ሳስበው ጥርሴ ብርድ እንደነካው ትዝ ይለኛል፣ ስለዚህ አፌ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ያዮ ቅባቱን ከእጄ ወስዳ ቀባች፣ ተነሳች፣ ከዚያ በኋላ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመረች፣ ለብቻዋ፣ በንዴት ሳይሆን አይቀርም። እዚያው ብትቀመጥ ኖሮ። እኔ አብሬያት ልቀመጥ ብል ኖሮ፣ ቅባቱ እስኪደርቅ ብል ኖሮ፣ ሰበብ እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

ከጎሬ ወደ መቱ በሌሊት በእግር መጥተን እናውቃለን፣ ልጅ ሆኜ፣ ከአክስቴ ልጅ ሠርግ ስንመለስ መኪና አጥተን። ጫካው በሁለቱም በኩል ጥቁር ነው፣ ጉሬዛው እንኳ ተኝቷል፣ እና ወንድሜ ኪቲላ ከኋላ ቀርቶ ዋሪቱ ብሎ ሲጠራኝ አቤት ልል አፌን ስከፍት አክስቴ ከንፈሬን ቆነጠጠችኝ። ሌሊት መንገድ ላይ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይባልም። በሁለተኛውም አይባልም። የጫካው ነገር የሰው ድምፅ ይለምዳል፣ መጥራት የሚችለው ግን ሁለቴ ብቻ ነው፣ ሦስተኛ ከጠራሽ ሰው ነው፣ ያን ጊዜ መልሺ። ከንፈሬ አብጦ መቱ ገባሁ። ይህን ለማንም አላስተማርኩም፣ ማስተማርም አላስፈለገኝም፣ የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያዮማ ይባስ፣ የቡና ጫካ ውስጥ ያደገች ናት። ክፍላችን ውስጥ መብራት ጠፍቶ ያዮ ስንላት ዝም፣ ያዮ ስንላት ዝም፣ ሦስተኛው ላይ «አቤ... ት» ብላ ትጎትተዋለች፣ እንደ ፍየል፣ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን፣ ከታች ያለው አርመን ጣሪያውን በመጥረጊያ ይደበድባል።

ወንዙ አጠገብ ነን። የውሻ ወንዝ ነው አሉ ስሙ በአረብኛ፣ ሳምራ ናት ያነበበችው፣ ሁሩሙን የውሻ ወንዝ አደረግናት ተባብለን ገና እየሳቅን ነው። ያዮ ከፊታችን ናት፣ ነጠላዋ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ወጣ ብላ ለስለስ ባለው በነጩ መስመር ላይ ነው የምትሄደው፣ ለእግሯ ይሻላታል። ሞተር ብስክሌቱን ሰማሁት፣ መብራት የለውም፣ ከኋላችን እንደ ዝንብ ይመጣል። ያዮ አልኩ። ድምፄ ትንሽ ናት፣ ሁልጊዜም ትንሽ ናት። አልዞረችም። ያዮ አልኩ፣ አሁን ጮኼ። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ስትስቅ ነው እንደዚያ የሚሆነው፣ ይቅር ብላናለች ማለት ነው፣ ቀልዱን ጀምራለች፣ ሦስተኛውን እየጠበቀች ነው፣ አንገቷን ወደኔ ልታዞር አዘጋጅታለች። ሦስተኛው አፌ ውስጥ ነበር። አሁንም አፌ ውስጥ ነው።

ባለሞተሩ ገጭቷት ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሞተሩን አነሳ፣ አያት፣ ሐበሺ ናት አለ ለራሱ፣ እንደሚጽናና ሰው፣ ነድቶት ሄደ። እኛ ላይዋ ላይ ነን። መቱ ላይ ሴናን ስወልድ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ፣ ደሜ ፈሶ ዓለም እንደ ጭስ እየራቀችኝ ሳለ ሴቶቹ ጆሮዬ ላይ ዋሪቱ ዋሪቱ ዋሪቱ እያሉ ሲጮሁ ነበር የተመለስኩት፣ ሰው ሲዝል ስሙን ይጠሩታል፣ ስሙ ነው ይዞ የሚመልሰው፣ ይህንንም የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጉልበቴ ላይ አስተኝቻት ያዮ፣ ያዮ፣ ያዮ እላለሁ፣ ሳምራም ያዮ፣ እትዬ ተሻለችም ያዮ፣ ያዮ ወረዳ ነው፣ ያዮ ጫካ ነው፣ ያዮ ቡናና ማር ነው፣ አገር ነው የምንጠራው፣ ሰው አልጠራንም። ዓይኗ ያየኛል። ጠብቃ ጠብቃ ተወችኝ። ሻማ የያዙ ሰዎች እየዘፈኑ መጡ፣ ዘፈኑን ዝቅ አደረጉ፣ አማተቡ፣ አንዷ አሮጊት መቁጠሪያዋን ከአንገቷ አውልቃ እጇ ላይ አደረገችላት፣ አንዱ ልጅ በስልኩ አነሳት፣ ከፍ ብለው ከሄዱ በኋላ ዘፈኑ እንደገና ከፍ አለ።

የአምቡላንሱ መብራት ሲታይ እትዬ ተሻለች ሳምራን በክንዷ ያዟት። ከአራታችን የመኖሪያ ወረቀት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ እነሱ ከታዩ ያድራሉ እስር ቤት፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ አልፈርድባቸውም። «አንቺ ሂጂ» አሉኝ። «ምንም ቢጠይቁሽ የመንገድ ሰው ነኝ በያቸው።» ከግንቡ ጀርባ ሲዘሉ ሰማኋቸው። እኔ ግን የመንገድ ሰው ነኝ ማለት አፌ እምቢ አለኝ፣ እህቴ ናት አልኩ፣ ስለዚህ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ የእህትሽ ስም ማነው አለ፣ ያዮ አልኩት። ዮዮ? አለኝ። ጣቱን እንደ መጫወቻው ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ፣ አጠገቡ ያለው ሰውዬ ቡናው ሊያንቀው ሆነ። ዮዮ፣ ከዚያስ፣ የአባቷስ፣ እሱስ ማን ነው፣ ኳስ? ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች ላይ የሚሳቀው ሳቅ ደግ አይደለም ግን ክፋትም የለበትም፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ እኔም እኮ አንተልያስ ላይ ስቄ ነበር። ከዚያ ደከመውና ነገረኝ። ጠዋት ፈረቃ ይቀየራል። ከዚያ በፊት ስሟንና የአባቷን ስም ካመጣሽ፣ እውነተኛውን፣ በስሟ ትቀመጣለች፣ በስሟ የሚፈልጋት ሰው ያገኛታል። አለዚያ መጅሁላ ናት፣ መጅሁላዎቹን የሚወስዳቸው ሌላ ክፍል ነው፣ የት እንደሚቀብር እኔም አላውቅ። እህትሽ አይደለች? አለኝ። በማሾፍ አልነበረም። እውነት ገርሞት ነው የጠየቀኝ።

ተመልሼ የምመጣበት መኪና አጣሁ፣ ወይ አልፈለግኩም፣ በእግሬ ነው የተመለስኩት። መቱን ሳላይ ከሁሩሙ ወደ ያዮ፣ ከያዮ ወደ በደሌ፣ መንገዱ ወደ ኋላ ሲሄዱት ይረዝማል። ነጩ መስመር ላይ ውሃ አፍስሰውበታል። አንተልያስ ላይ የተቀመጠችበት ጠርዝ ላይ የቅባቱ ክዳን አለ፣ አነሳሁት። እናቴ ጋ ደወልኩ። መቱና እዚህ ሰዓቱ አንድ ነው፣ ከእንቅልፋቸው ነው ያስነሳኋቸው። ያዮ ሰው ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። ያዮ ሰው ሞልቶ፣ የማን ቤት? አሉኝ። ልጇ አሜን የሚባል፣ አረብ አገር የመጣች። ዘንድሮ አሜን ያልተባለ ልጅ፣ አረብ አገር ያልሄደች እናት የት አለና አሉ፣ ምን ሆነች? ምንም አልኩ። ምንም አልኩና አለቀስኩ፣ ስለዚህ አወቁ። እናቴ ለስላሳ ሴት አይደሉም፣ «የአንቺንስ ስም እዚያ የሚያውቅ ሰው አለ?» አሉኝ። ሁለት ሰዎች አልኩ፣ ከግንብ ጀርባ የዘለሉትን ሁለት ሰዎች አስቤ። ከጀርባቸው ሴና ነቃች። ማናት ስትል ሰማኋት። ሴና ብር የሚመጣ ቀን ከእናቴ ጋር ወደ ባንክ ትሄዳለች፣ የላኪ ስም ሲባሉ እናቴ ይጠፋባቸዋል፣ እሷ ናት ከባንኮኒው ሥር ተንጠራርታ የምትናገረው፣ ጎበዝ ይሏታል። ማናት አለች፣ ከዚያ እራሷ መለሰች፣ እንደ ክፍል ጥያቄ። «ዛህራ ናት?»

አዎ ይበሏት አልኩ እናቴን። ተኚ ይበሏት።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፣ አልተኙም፣ ትንፋሻቸው የተኛ ሰው ትንፋሽ አይደለም። ሳምራ ቅድም፣ ስገባ፣ ፎቶዋን ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው፣ የሚያውቃት አይጠፋም ብላ ነበር፣ እትዬ ተሻለች ዛሬ ስትለቂው ነገ ፖሊስ በሩ ላይ ነው አሉ፣ እኔ ደግሞ ያሰብኩት የአሜንን አያት፣ አሮጊቷን ነው፣ የጎረቤት ልጅ ስልክ ይዞ ሮጦ ሲገባ፣ ይህችን እዩዋት ሲላቸው። የስልኳን መክፈቻ ሞከርኩ፣ መስቀል ሣልኩበት፣ አ ሣልኩበት ለአሜን፣ ቤት ሣልኩበት፣ እንቢ አለኝ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆለፈው። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። የሚደወልለት ስልክ ያለ መክፈቻ ይነሳል። የሚደውሉትም አሮጊቷ ናቸው፣ ስለቱን ያውቃሉ፣ ሲነጋጋ ይደውላሉ። በመንገድ ላይ ውሸቱን ሠርቼ ጨርሻለሁ። እዚህ ቄሱ ለጸሎት ስሜን ከነአባቴ ከቤተሰብ አፍ ልስማ ብለዋል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እስቲ እርስዎ ይበሉልኝ፣ እላለሁ። የሷን ድምፅ አስመስዬ። ስሟን ይሉታል፣ እይዘዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። መርዶውን ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀን፣ በወግ ያረዳቸዋል። ከዚህ የተሻለ ውሸት አላገኘሁም፣ እትዬ ተሻለች ያገኙ ነበር።

ጮኸ። ኢሞ ነው፣ ከስንጥቁ ሥር ቤት ይላል። ቤት ብቻ፣ እዚህም ስም የለም። እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ እስኪቆም ድረስ አየሁት፣ ጣቴ እንቢ አለ። መስኮቱ ነጣ ብሏል። እንደገና ጮኸ። እትዬ ተሻለች ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «አታንሺው ዋሪቱ፣ ምን ልትያቸው ነው?» አሉ፣ በስሜ ከጠሩኝ ስንት ጊዜ ሆነ። ቆመ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ሲጮህ አነሳሁት።

«ሃደ አሜን!» አሉ። የአሜን እናት ማለታቸው ነው። እንዴት እንደዚህ ያለ ነገር ሳላስብ ቀረሁ፣ በኛ አገር የወለደችን ሴት ማን በስሟ ይጠራታል፣ እኔንስ መቱ ላይ ጎረቤት ሁሉ ሃደ ሴና አይደል ወይ የሚለኝ። «ጌሴ? ደረስሽ?» አሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ አንዱ ባይደርስ አንዱ እንዲደርስ። ድምፃቸው ይመጣል ይሄዳል። ስላልመለስኩ አልተቆጡም፣ ኔትወርኩ ነው፣ አንቺ ስሚኝ እኔ ላውራ አሉና አወሩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። አሜን አልተኛም፣ እሳቸው ናቸው እንዳይተኛ ያደረጉት፣ እናትህ አሁን መንገድ ላይ ናት፣ አሁን ተራራው ሥር ናት እያሉ፣ አንቺ ማርያም ደጅ ደርሰሽ ቃሉ ሲሰጠው ተኝቶ እንዳያመልጠው ብዬ አሉ። እስካሁን ምንም አላለም። ግን ገና ነው፣ አሁን አይደል የደረስሽው። ይኸው ጭኔ ላይ ነው፣ አናግሪው።

ከዚያ የልጁ ትንፋሽ መጣ። አፉን ስልኩ ላይ አድርጎታል፣ ጉንፋን ይዞታል፣ ፉጨት ይሰማል። በጥፍሩ መስታወቱን ይነካል፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ውሸቴ አፌ ውስጥ ተዘጋጅታለች፣ ቄሱ ስሜን የምትለዋ፣ አሮጊቷን ለመስረቅ ተዘጋጅቻለሁ ግን ይሄ ልጅ እያዳመጠ ነው፣ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የእናቱን ድምፅ ከዓለም ድምፅ ሁሉ ለይቶ ያውቃል፣ አንዲት ቃል ብተነፍስ ያውቅብኛል። ጠቅ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ሁለታችን ዝም ተባባልን።

«ሃደ አሜን?» አሮጊቷ ስልኩን ወስደዋል። «ሃደ አሜን? አለሽ?» መስመሩ ክፍት ነው፣ የኔ ትንፋሽ ይሰማቸዋል፣ ሰው አለ፣ መልስ የለም። ከኋላ ዶሮ ጮኸ፣ የያዮ ዶሮ፣ ጫካው ዳር። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ተነሥተዋል። ድምፃቸው ተለወጠ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ሴናን ስወልድ ጆሮዬ ላይ የነበረው ድምፅ ነው፣ ሰው ሲዝል የሚጠራበት።

«ዲንቂቱ» አሉ።

አገኘሁት። ዲንቂቱ ናት። ፍንጭቷ፣ ጠባሳዋ፣ በሕልሟ የምታለቅሰው፣ ዲንቂቱ። ቀይዋ ምልክት አውራ ጣቴ ሥር ናት፣ የሚያስፈልገኝ ይሄው ነው፣ ልዝጋው።

«ዲንቂቱ! የጉቱ ልጅ!»

አባቷም መጣ። ዲንቂቱ ጉቱ። ሰውየው ፈረቃው ሳይቀየር ይጽፈዋል፣ እንዴት እንደሚጻፍ ያስደግመኛል፣ መጅሁላ አትሆንም፣ ሁለት ቃል ነው፣ ይዤዋለሁ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ። እትዬ ተሻለች ዞረው ተነሥተው ተቀምጠዋል፣ በእጃቸው ዝጊው ዝጊው ይሉኛል። ሳምራ ጆሮዋን ይዛለች። ጣቴ ምልክቷ ላይ ነው። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፣ አሮጊቷም ትንፋሻቸውን ስበዋል፣ ሊጠሩ ነው፣ ሁለቴ ጠርተዋል፣ በኛ አገር ደግሞ ሁለቴ የጠራ ገና ሰው መሆኑ አይታወቅም።

«ዲንቂቱ» አሉ፣ ዝቅ አድርገው፣ አጠገባቸው ላለ ሰው እንደሚባለው።

«አቤ... ት» አልኩ።